መጋረጃ ይዘናል

ሰው ሁለት ዓይን እንዳለው የሚያስታውሰው አንዱ ሲያምፅበት ነው። የኔዎቹ እንደ ጥንድ በሬ አብረው ተጠምደው ኖሩ፤ የትኛው ይበልጥ እንደሚስብ ጠይቄ አላውቅም። ጠዋት ውዳሴ ማርያሜን አነባለሁ፣ ቀን ምስር እለቅማለሁ፣ ማታ «ተመስገን» ብዬ እከድናቸዋለሁ። ከዓይኖቼ ጋር የነበረን ጉዳይ ይኸው ነው።

መጀመሪያ የመጣብኝ መብረቅ ነው። በበጋ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ በግራ ዓይኔ ጥግ ብልጭ ይላል። ብልጭ ባለ ቁጥር አማትባለሁ። ባለቤቴ አይቶ አይቶ፣

«ዛሬስ ማማተብ አበዛሽ» አለ።

«ይበልጭብኛል።»

«ይበልጭልሽ» አለና ወደ ማሳው ሄደ። ጸጋ የወረደልኝ መስሎት ነው። ቤታችን ዳንግላ ጫፍ ላይ ነው፤ ፊቱ አስፋልት፣ ጀርባው ማሳ። እኔ ቃል አላበዛም፤ እሱም አይመረምርም፤ በዚህ ዓይነት ነው ልጅ ያሳደግነው።

ቀጥሎ ዝንቦች መጡ። ጥቃቅን፣ ጥቁር፣ ድምፅ የሌላቸው። በነጠላዬ ጫፍ ባባርራቸው አይሄዱም፤ ዞር ስል አብረውኝ ይዞራሉ። አንዷ ወጡ ላይ ያረፈች መስሎኝ ድስቱን ሙሉ ለውሻው ልደፋ ስል ተውሁት። ውሻው እስካሁን አዝኖብኛል።

ከዚያ ማክሰኞ ጠዋት፣ ባለቤቴ በር ላይ ቆሞ ሳለ፣ ጭንቅላቱን አጣሁት።

ቀኝ ዓይኔን በመዳፌ እያሸሁ በግራው ነው የማየው። ጫማው አለ፣ ሱሪው አለ፣ ጋቢው አለ። ከአንገቱ በላይ ግን ጥቁር ነገር ጋርዶታል። ቀኙን ስገልጥ ራሱ ተመለሰ። ስከድን ሄደ። መፍራት የነበረብኝ ያኔ ነው። እኔ ግን ገረመኝ፤ ስገልጥ ስከድን፣ ስገልጥ ስከድን ቆየሁ።

«ምነው?» አለ ባለቤቴ ዙሪያውን አይቶ። «በዚህ ዕድሜያችን ትጠቅሽኝ ጀመር?» ደስ ሳይለው አልቀረም።

«ራስህ የለም።»

«የት ሄደ?» ብሎ ኮፍያውን ነካ።

«መጋረጃ ወርዶበታል።»

ዞሮ መስኮቱን አየ። መስኮታችን መጋረጃ ኖሮት አያውቅም።

ልጃችን ሰላም እንጅባራ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። ደወልሁላት። በኛ ሰፈር ኔትወርክ የሚገኘው ከጓሮ ባሕር ዛፉ ሥር ነው፤ እሱም ንፋስ ከሌለ።

«እማ! ደኅና ናችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። መጋረጃ ወርዶብኝ ነው።»

«ምን ወረደ?»

«መጋረጃ።»

«ታዲያ አባባ ይስቀልልሻ! ስብሰባ ላይ ነኝ እማዬ፣ በኋላ እደውላለሁ።»

«እሺ ልጄ» ብዬ ዘጋሁት። ምክሯ መጥፎ አልነበረም። የሚሰቅለው ሰው ምን ላይ ቆሞ እንደሚሰቅለው ነው የቸገረኝ።

ጎረቤቴ እታለም ዘውዴ አለች። የዓይን ሞራ ከተገፈፈላት ወዲህ የሰፈራችን የዓይን ሐኪም እሷ ናት። ወሬውን ሰምታ መጣች።

«ሞራ ነው!» አለች ገና ከበር። «ጉም ጉም አይልሽም?»

«አይ። እንደ መጋረጃ ነው። ከላይ ወደ ታች።»

«ሞራ ነው አልሁሽ! ገና ጥሬ ነው። ሞራ ሳይበስል አይነካም። ሲበስል እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ገፈፍ ነው።»

«መቼ ይበስላል?»

«እንደ ሰዉ ነው።» ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ሐኪም ቤት ስንሄድ ደግሞ መጋረጃ እንዳትዪ። ይስቁብሻል። ሞራ በይ፤ የታወቀ ቃል ነው» አለችኝ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ዝም አልሁ።

በማግስቱ ከተማችን ውስጥ ወዳለ አንድ ጤና ተቋም ወሰደችኝ። በሽተኛው ብዙ ነው። አንዲት የደከማት ወጣት ነርስ፣ እግዚአብሔር ይባርካት፣ ፈገግ ብላ «ምን ሆኑ እናቴ?» አለችኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት እታለም፣

«ሞራ ነው። ጥሬ ነው» አለች።

«ሞራ ነው እናቴ?»

«ሞራ ነው» አልሁ እኔም። የራሴን በሽታ ትቼ የጎረቤቴን ነገርኋት። ልጅቱ ምን ታድርግ? የሞራ ዘመቻ ሲመጣ እንደምጠራ ነገረችኝ። አመስግኜ ወጣሁ። እታለም መንገዱን ሁሉ ደስ ብሏት፣ እኔም እሷን ደስ ስላላት ደስ ብሎኝ፣ ቤታችን ገባን።

ሞራው ግን መብሰሉን ትቶ መውረዱን ቀጠለ። በየጠዋቱ ባለቤቴን በር ላይ አቆመዋለሁ። ቀኝ ዓይኔን ይዤ፣ በግራው የበሩን መቀርቀሪያ ትክ ብዬ እያየሁ፣ ስንቱ እንደጠፋ እለካበታለሁ። ማክሰኞ ራሱ ነበር፤ ሐሙስ ትከሻው ሄደ። እሱ ሳይንቀሳቀስ ይቆምልኛል። ፎቶ የሚነሣ ይመስላል።

«ዛሬስ?» ይላል።

«ትከሻህ።»

«ከባዱ ሄዷል እንግዲህ» ይላል። ሲጨነቅ ይቀልዳል።

ያን ዕለት ጠበል ልጠመቅ ወደ ደብራችን ሄድሁ። የነፍስ አባቴ አባ ኃይሌ ከጠበሉ በር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። መስቀል ተሳለምሁ።

«ሞራ ነው አሉኝ አባ።»

«ያሉሽን ተዪው። ምን ታያለሽ?»

እስከዚያ ቀን ሰው ሁሉ የጠየቀኝ ምን እንደሆንሁ ነው። ምን እንደማይ የጠየቀኝ አልነበረም።

«መጋረጃ። ከላይ እየወረደ ነው።»

አባ ወደ ፊት ተሳቡ። «ቀለሙ?»

«ጥቁር። ዳር ዳሩ ግራጫ።»

«ይወዛወዛል?»

«ራሴን ሳነቃንቅ ይወዛወዛል።»

«እንዴ!» አሉ፤ ዓይናቸው እንደ ልጅ በራ። ወዲያው ደግሞ ፊታቸው ከበደ። «ልጄ፣ እኔ ስለ ዓይን አላውቅም። መጋረጃ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ስዘጋና ስከፍት ኖሬያለሁ። ሰው ሳይነካው የሚዘጋ መጋረጃ አላየሁም። ይህን ለሐኪም ነገርሽ?»

«አልነገርሁም። ይስቁብሻል ተባልሁ።»

«ይሳቁ! እየሳቁ ያድኑሽ!» ጠበሉን አጠጡኝ፣ ዓይኔን በመስቀላቸው ዳሰሱልኝ። «ጠበሉ የትም አይሄድም፤ እዚሁ ይጠብቅሻል። ሂጂ። ሐኪሙንም የፈጠረው እሱ ነው።»

ሁነኛ የዓይን ሐኪም ባሕር ዳር እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን በዚህ ዘመን መንገድ እንደ በሽተኛ ነው፤ ሰው ከመነሣቱ በፊት «እንዴት አደረ?» ብሎ ይጠይቃል። ዓርብ ማለዳ ባለቤቴ መናኸሪያ ሄዶ ጠየቀ። የባሕር ዳሩ አልተነሣም። የእንጅባራው ተነሥቷል። ባሕር ዳር ወዲያ፣ እንጅባራ ወዲህ ነው። ሆኖም ልጃችን እንጅባራ ናት፤ አዲስ ክሊኒክ ተከፍቶ የዓይን ሐኪም ገብታበታለች የሚል ወሬም ሰምተናል። ቁጭ ብሎ መጋረጃ ከመለካት ብለን ተሳፈርን።

በሚኒባስ ውስጥ ሰው ስለ ሕመሙ ትንፍሽ ካለ አለቀለት። ከጎኔ ሕፃን የታቀፈች እናት ነበረች።

«የጡት ወተት ፍቱን ነው እኮ!» አለችና መልሴን ሳትጠብቅ መዘጋጀት ጀመረች። «ቀና በዪ እስቲ እናቴ።»

እንዲህ ያለ ቸርነት እንዴት እምቢ ይባላል? ቀና ልል ስል ሕፃኑ ቁርሱ ሊዘረፍ መሆኑ ገብቶት አገር ይያዝልኝ ብሎ ጮኸ። እግዚአብሔር ያሳድገው፤ እኔ ያልቻልሁትን እሱ ተናገረልኝ። ከኋላ ደግሞ አንድ ሽማግሌ በአዊኛ የአንድ ቅጠል ስም ጠሩ። ሌላው «እሱማ ለከብት ነው» አላቸው። ክርክሩ ስለ ቅጠሉ ሆነ፤ ዓይኔም ተረሳ። እንጅባራ ስንወርድ ገና አልተስማሙም ነበር።

ሰላም መናኸሪያው በር ላይ ጠበቀችን።

«እማ! ምነው በድንገት? መጋረጃው ተሰቀለ?»

«አልተሰቀለም። ይዤው መጣሁ።»

«የት አለ?» ብላ እጄን አየች።

«እዚህ» ብዬ ዓይኔን ነካሁ።

ልጄ ቆመች። ከዚያ እዚያው መንገድ ዳር እንባዋ ወረደ። «ለቅሶውን ለኋላ አድርጊው፤ ባጃጁ እየጠበቀ ነው» አልኋት።

ክሊኒኩ አዲስ ነው፤ ቀለሙ ገና ይሸታል። አግዳሚው በሰው ሞልቷል። ሰላም ካርድ ልታወጣ ሄደች፤ እኔና ባለቤቴ በሩ አጠገብ ቆምን። የበሩ ሰውዬ፣

«ምን ነበር እናቴ?» አለኝ።

አባ ያሉኝን አሰብሁ። ይሳቁ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣

«መጋረጃ ነው!» አልሁ።

ሰውዬው ከወንበሩ ተነሣ። «ኧረ እግዚአብሔር ይስጥልን! ከጠዋት ጀምሮ ስንጠብቅዎት! ይግቡ፣ ይግቡ!» ወደ ውስጥ ዞሮም «የመጋረጃዋ እናት መጡ! አሳልፏቸው!» ብሎ ተጣራ።

ሰው ሁሉ እግሩን ሰበሰበልኝ። አቤቱ፣ አንዲት ትክክለኛ ቃል ይህን ያህል በር ትከፍታለች ብዬ አመሰገንሁ። ባለቤቴ ኮፍያውን አውልቆ ተከተለኝ። በውስጠኛው ክፍል ሐኪሟ፣ ወጣት ናት፣ እጇን ታጥባ በፎጣ ታደርቃለች።

«ዶክተር፣ መጋረጃዋ መጥተዋል» አለ ሰውዬው።

«በጣም ጥሩ! እዚህ እኮ ብርሃኑ አላሠራ ብሎናል። መስኮቱ ያውና እማማ። ሜትር ይዘዋል?»

ሜትር? ሐኪም ከጠየቀ መቼም ምክንያት አለው አልሁ።

«ሜትር የለኝም። የምለካው በሱ ነው።» ባለቤቴን አሳየኋት። «ማክሰኞ ራሱ ላይ ነበር። ሐሙስ ትከሻው። ዛሬ ደረቱ ላይ ደርሷል።»

ሐኪሟ ፎጣዋን እንደያዘች ቀረች። ባለቤቴን ከራስ እስከ እግሩ አየችው። እሱ ልማዱ ነውና ቀጥ ብሎ ቆመላት።

«ምኑ ነው የደረሰው?»

«መጋረጃው።»

«የት ያለው መጋረጃ?»

«ግራ ዓይኔ ላይ ያለው።»

አልሳቀችም። ፎጣውን አስቀመጠች። «ይቀመጡ እማማ። ቀስ ብለው።» ብልጭታ ነበረው? ነበረው። እንደ ዝንብ ያለ ጥቁር ነገርስ? ወጥ ልደፋ ነበር አልኋት። ጠብታ ጨመረችልኝ፣ ከዚያ ግንባሯ ላይ ባሠረችው መብራት ዓይኔን ወደ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ አየችው።

«የጭቃ ቤት ምርጊት ከግድግዳው ሲላቀቅ አይተዋል?»

«ስንቱን መርጌዋለሁ።»

«ዓይን ውስጥም እንዲህ ያለ ስስ ምርጊት አለ፤ ሬቲና ይባላል። የምናይበት እሱ ነው። የርስዎ ተቀዶ ከታች በኩል ተላቅቋል።»

«ከታች? የጠፋኝ እኮ ከላይ ነው።»

«ዓይን የሚያየውን ገልብጦ ነው የሚይዘው።»

ይህን ነገር እስከ ዛሬ አስበዋለሁ። ያን ሁሉ ዘመን ባለቤቴን ዘቅዝቄ ይዤው ኖሬያለሁ ማለት ነው። እሱም አንድ ቀን አላማረረም።

«አሁን መሃሉ አልተነካም» አለች ሐኪሟ። «መሃሉ ከተላቀቀ ግን ብንመልሰውም ማንበብ ላይመለስ ይችላል። እኔ የምሠራው አይደለም። ነገ ባሕር ዳር መድረስ አለብዎት። ስልክ ደውዬ እንዲጠብቁዎት እነግራቸዋለሁ።»

«ውዳሴ ማርያሜስ?»

«እሱን ለማትረፍ ነው የምንሮጠው።»

ያኔ ፈራሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ። ባለቤቴም አልቀለደም።

ስንወጣ እውነተኛዋ መጋረጃ ሰፊ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጠምጥማ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ካርድ አውጪ ብለዋታል።

ቅዳሜ መንገዱ በደኅና አድሮ ጠበቀን። ሐኪሟ ራሴን እንዳላናውጥ አዝዛለች። ሰላም ወደ ሹፌሩ ጠጋ ብላ፣

«እናቴ ዓይኗ ውስጥ መጋረጃ አለ። ቀስ በል በማርያም» አለችው።

ሹፌሩ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ጉድጓድ ዘለለው። ተሳፋሪው አንድ ላይ ጮኸበት። «ቀስ! መጋረጃ ይዘናል!» ከዚያ በኋላ ጉድጓድ በታየ ቁጥር አስቀድሞ የሚጮህ አይጠፋም። አዲስ ቅዳም ከተማ ስንደርስ ገበያ ነበረና አዳዲስ ተሳፋሪዎች ገቡ፤ ነገሩን ሳያውቁ እነሱም አብረው ይጮኹ ጀመር። አንዱ ገበሬ በመጨረሻ አላስችል ብሎት ወደ ጣሪያው እያየ፣

«ይኼ መጋረጃ ብርጭቆ ነው እንዴ?» አለ።

ዳንግላ ስንደርስ በራሴ ደጅ አለፍሁ። በሩ ተዘግቶ፣ ውሻው በፀሐይ ተኝቶ አየሁት። እታለም ዘውዴ መናኸሪያ ደርሳ በመስኮት አንገቷን አስገባች።

«በሰለ?»

«ሞራ አይደለም እታለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«መጋረጃ ነው።»

«ብዬሽ ነበር!» አለች። ጉንጬን ሳመችኝ፣ እያለቀሰችም የተቀቀለ እንቁላል አስታቀፈችኝ። በእንዲህ ያለ ሰው ላይ እንዴት ይኮረፋል?

የቀዶ ሕክምናው ነገር አጭር ነው፤ እኔ እጸልያለሁ፣ እነሱ ይሠራሉ። ሲያበቁ ሐኪሙ፣ እጁ ይባረክ፣ ሁለት ትእዛዝ ሰጠኝ።

«ምርጊቱን ደግፎ እንዲይዝ ዓይንዎ ውስጥ አየር አስገብተናል። አየር ወደ ላይ ስለሚሄድ እርስዎ ወደ ታች ይደፋሉ። ስንልዎት ብቻ ቀና ይላሉ። ሁለተኛ፣ አየሩ እስኪጠፋ ወደ ደጋ አይወጡም። ከፍታ ላይ ያብጣል።»

ዕድሜዬን ሙሉ ስግደት እየቆጠብሁ ኖሬ ይኸው በሐኪም ታዘዘብኝ።

አገሬ ደጋ በመሆኑ ባሕር ዳር፣ በባለቤቴ እኅት ቤት ቀረሁ። ትራስ ላይ ግንባሬን ደፍቼ እውላለሁ። አንድ ቀን የሰፈሩ ሴት ልትጠይቀኝ ገባች። ተደፍቼ አየችኝ።

«ምን ሆነሽ ነው እኅቴ?» አለች በቀጭን ድምፅ።

«ዓይኔን» አልሁ።

ቃል መቆጠብ እንዲህ ያዋርዳል። «ወይኔ! ዓይኔን አለች! ወይ ዓይኔ!» ብላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለቅሶውን አቀለጠችው። ሌሎችም ድምፅ ሰምተው ገቡ። የሞተብኝ ማን እንደሆነ ሳይጠይቁ አብረው አለቀሱ። ቀና ብዬ እንዳልነግራቸው ቀና ማለት ተከልክያለሁ። ከትራሱ ሥር «ደኅና ነኝ፣ ደኅና ነኝ» ብል፣ «አይዞሽ፣ ጠንካራ ናት» ተባባሉ።

ወለል የራሱ ዓለም አለው። ጉንዳን ከኔ የወደቀ ፍርፋሪ ተሸክሞ በቀጥታ መንገድ ሲሄድ፣ ባዶውን የሚመለሰው ሲያሳልፈው አይቻለሁ። ሰዉን በእግሩ ለየሁት። ከሁሉ ይበልጥ ግን አንድ ጥንድ ጫማ ነበር፤ የማሳው ጭቃ ከጠርዙ ያልለቀቀ። ጠዋት እዚያው ነው፤ ማታ እዚያው ነው። ያን ማክሰኞ መጋረጃው የተወልኝ ያን ጫማ ነበር፤ አሁንም ያው ጫማ ነው የቀረልኝ። ባለቤቴን ከአንገት በታች ይህን ያህል አስተውዬው አላውቅም።

በኋላ ቀና እንድል ፈቀዱልኝ። አየሩ ዓይኔ ውስጥ ልክ ብርጭቆ ላይ እንዳለ ውኃ ይታየኛል፤ ስንቀሳቀስ ይወዛወዛል፤ ከመስመሩ በታች ድፍርስ፣ ከመስመሩ በላይ ጥርት ያለ። ውኃው በየቀኑ እየጎደለ ይወርዳል። ባለቤቴ ሳልነግረው በር ላይ ሄዶ ቆመ። ቀኝ ዓይኔን ከደንሁ።

ራሱ መጣ። ቀድሞ የጠፋው ቀድሞ ተመለሰ። ትከሻውም ደረቱም ገና ውኃው ውስጥ ናቸው፤ ራሱ ብቻ ከላይ ቁልጭ ብሎ። ጸጉሩ ሸብቷል። መቼ እንዲህ እንደሸበተ አላውቅም፤ በሁለት ዓይን ሳየው አላየሁትም ነበር።

«ምን ታያለሽ?» አለኝ። ያ የማይመረምረው ሰው።

«ራስህን።»

ኮፍያውን አደረገ፤ ደግሞ መልሶ አወለቀው።

አየሩ ጨርሶ ጠፍቶ ቤቴ ስገባ፣ ውዳሴ ማርያሜን ቀኝ ዓይኔን ከድኜ ከፈትሁ። ፊደሎቹ ትንሽ ጎንበስ ብለዋል፤ እኔም ብዙ ተደፍቼ ስለከረምሁ አልታዘብኋቸውም። አነበብሁ።

በሳምንቱ ሰላም መጣች። ከሰማይ የተቀዳ የሚመስል ሰማያዊ መጋረጃ ገዝታልኛለች፤ ያ «አባባ ይስቀልልሽ» ያለችው ነገር ሆዷን ሲበላት ከርሟል። ባለቤቴ ወንበር ላይ ወጥቶ ሚስማር አፉ ውስጥ ይዞ፣ «በቀኝ ከፍ ላድርገው?» ይላል። ብርሃኑ በመስኮቱ ገብቶ ሽበቱ ላይ አርፏል።

«ተወው፤ ውረድ» አልሁት።

«እማ፣ አላማረም?»

«አምሯል ልጄ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለአባ ኃይሌ እንወስደዋለን።»

«ለቤተ ክርስቲያን?»

«አዎ። እዚያ የሚዘጋው ብቻ ሳይሆን የሚከፍተውም ሰው አለ።»